ትክትክ ቤት ሲገባ፦ በጊዜ መለየትና ሕፃኑ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ

ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ ሳል ነበረኝ። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ሌሊት ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሶ አልጋ ላይ ያስቀምጠኛል። ትኩሳት የለኝም፣ ምግብ አልዘጋኝም፣ ከሥራም አልቀረሁም። መጀመሪያ አቧራ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ አለርጂ ነው አልኩ። ሕክምና ሄጄ የብሮንካይት መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። ሳሉ ስንት ቀኑ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ ልጄ 5 ሳምንቷ ነበር። አንድ ሌሊት እናቷ ጠራችኝ። ልጅቷ አታለቅስም፣ አትስልም። ዝም ብላለች፤ ደረቷም ዝም ብሏል። የከንፈሯ ዙሪያ ግራጫ መስሏል። ውስጥ እግሯን ስፈትገው ብርግግ ብላ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበችና ማልቀስ ጀመረች። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ሌሊት ጣፍጦኝ አያውቅም።

በሽታው ትክትክ ነበር፤ ያመጣሁባትም እኔ። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለውን በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩበት ነው። ሐኪምን አይተካም። መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ፣ ምን ተብሎ እንደሚነገርና እስከዚያው ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን ይናገራል።

ከሁሉ በፊት፦ ማንበቡን ትታችሁ የምትሮጡበት

ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን ከቆመ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ አካሉ ከተዝለፈለፈ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መጥባት ካቃተው ቀጠሮ አይጠበቅም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ትንፋሹ ሲቆም ጀርባውን ወይም ውስጥ እግሩን ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ካልመለሰ በአፋችሁ የነፍስ አድን ትንፋሽ መስጠት ጀምሩ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። እንደገና ከተነፈሰ በኋላም «አሁንማ ደህና ሆነ» ብሎ መቅረት አይገባም። አንዴ የቆመ ትንፋሽ እዚያው ሌሊት ሊደገም ይችላል።

በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ የፊት መለወጥ ቶሎ አይታይም። ፊቱን ሳይሆን ከንፈሩን በውስጥ በኩል፣ ድዱን፣ ምላሱንና የጥፍሩን ሥር እዩ።

ደረጃ 1፦ ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጻፉ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ በዚህ ቀን ላይ የቆመ ነው። የትኛው ምርመራ እንደሚሠራ፣ መድኃኒት ይጠቅም እንደሆነ፣ ልጁ መቼ ትምህርት ቤት እንደሚመለስ፣ ለማን ለማን መነገር እንዳለበት የሚታወቀው ከዚህ ተቆጥሮ ነው። ሁለት ቀን ጻፉ፦ ንፍጡ የጀመረበትንና ሳሉ የጀመረበትን። ካላስታወሳችሁ ስልካችሁን ግለጡ። «ዛሬ ጉንፋን ስለያዘኝ አልመጣም» ብላችሁ ለአንድ ሰው የላካችሁት መልእክት አይጠፋም። እኔ የራሴን ቀን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ትክትክን የሚያመጣው ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ አንዳንዴ እስከ 21 ቀን ይደርሳል። ከዚያ በሽታው በሦስት ምዕራፍ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ከ1 እስከ 2 ሳምንት የሚቆየው ነው። ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የዓይን ማልቀስ፣ ቀለል ያለ ሳል፤ ትኩሳቱ ካለም ትንሽ ነው። ከተራ ጉንፋን የሚለየው ነገር በዓይን አይታይም። ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስተላልፈው በእነዚህ ቀናትና ሳሉ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ነው። በሽታው ስሙን ሳያገኝ ብዙ ቤት አዳርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳሉ ራሱን የሚገልጥበት ነው። ከ1 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ሳምንት ይሄዳል። ሦስተኛው ሳሉ ቀስ እያለ የሚሸሽበት ሲሆን ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። ቻይናዎች «የ100 ቀን ሳል» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ከተራ ጉንፋን የምትለዩት እንግዲህ በአካሄዱ ነው። ጉንፋን ሲጀምር ይከብዳል፣ በሳምንቱ ይቀልላል። ትክትክ ሲጀምር ይቀልላል፤ ንፍጡና ማስነጠሱ ጠፍቶ «ተሻለኝ» በምትሉበት በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ይበረታል።

ደረጃ 2፦ ሳሉን ዝም ብላችሁ አትስሙት፤ እዩት፣ ቅረጹት

የትክትክ ሳል ሲነሳ እንዲህ ነው። ልጁ እየተጫወተ ነው፤ ምንም የለበትም። ድንገት ጨዋታውን ይተውና አንድ ነገር ለመያዝ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛም ይሁን የእናቱን ጉልበት። ትላልቅ ልጆች መምጣቱን ያውቁታል፤ ፊታቸው ላይ ፍርሃት ታዩበታላችሁ። ከዚያ ሳሉ ይጀምራል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ መሐል ላይ አየር ሳይስብ። ፊቱ ይቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ምላሱ ይወጣል፣ እንባና ለሐጭ ይወርዳል። ደረቱ ውስጥ አየር ሲያልቅ አንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ጉሮሮው ጠቦ ስለነበር አየሩ ሲገባ «ሂ...ይ» የሚል ቀጭንና ስለታም ድምፅ ያወጣል። አንዳንዴ ወዲያው ይደገማል። መጨረሻ ላይ ወፍራም፣ የሚሳብ አክታ ይወጣል ወይም የበላውን ያስመልሳል። ከዚያ ዝልፍልፍ ይላል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ይጫወታል።

ችግሩ ይህን ሐኪሙ አያየውም። ምርመራ ክፍል ስትገቡ ልጁ በሁለት ሳል መሐል ስላለ ጤነኛ ነው፤ ደረቱ ሲደመጥም ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። «ልጁ ደህና ነው፣ አትጨነቁ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ሳሉ ሲነሳበት አንድ ሰው ልጁን ይያዝ፣ ሌላው በስልክ ይቅረጽ። ከመነሻው እስከሚያስመልስበት ድረስ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይበልጣል።

ከቪዲዮው ጋር እነዚህን መዝግቡ፦ በ24 ሰዓት ስንት ጊዜ ይነሳበታል? ስንቱ ሌሊት ነው? ከስንቱ በኋላ ያስመልሰዋል? ምን ያስነሳበታል? ሳቅ፣ ለቅሶ፣ ሩጫ፣ ምግብ፣ ቀዝቃዛ አየር ብዙ ጊዜ ቀስቃሽ ናቸው። የዓይኑ ነጭ ላይ ደም የቋጠረ ቀይ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ በሳሉ ግፊት የፈነዳ ቀጭን የደም ሥር ነው፣ በራሱ ይጠፋል። ጻፉት ግን።

ትኩሳቱ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሰውነትን የሚሰባብር ሕመም ካለና በአንድ ቀን አልጋ ላይ ከጣለ ወደ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ወደ ሳንባ ምች አስቡ። ሳሉ 2 ሳምንት አልፎ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቅደም። አየር ሲያስወጣ ደረቱ የሚያፏጭ ከሆነ ወደ አስም ያመዝናል። የትክትክ ስለታም ድምፅ አየር ሲገባ ነው፤ የአስም ፉጨት በአብዛኛው አየር ሲወጣ ነው።

ደረጃ 3፦ ድምፁን አትጠብቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ያ «ሂ...ይ» የሚለው ድምፅ በልጆች ላይ ይታወቃል እንጂ በሁለቱ ዳር ባሉት፣ በጨቅላውና በአዋቂው ላይ፣ ብዙ ጊዜ የለም።

ጨቅላ ሕፃን አየሩን በዚያ ኃይል የሚስብበት ጉልበት የለውም። ሳሉ ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይስልም። የሚታየው ትን እንዳለው መሆን፣ አፍን ከፈት ዘጋ ማድረግ፣ ጡት ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያም የትንፋሽ መቆም ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ ንፍጥ ብቻ ቢኖረውም፣ ቤት ውስጥ ሳል የቆየበት ሰው ካለ ነገሩን እንደ ተራ ጉንፋን አትቁጠሩት። በትክትክ ከሚሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው፣ ክትባታቸውን ያልጀመሩ ወይም ያልጨረሱ ናቸው።

አዋቂ ደግሞ ድሮ የተከተበው ክትባት ወይም የታመመው ሕመም ጥቂት መከላከያ ትቶለት ስለሚሆን ቀለል ብሎ ያልፍበታል። የሚኖረው የማይለቅ ደረቅ ሳል ነው፤ ሌሊት የሚብስ፣ አንዳንዴ የሚያስመልስ፣ ሲበረታ የጎን አጥንት እስከመሰንጠቅና ሽንት እስከማምለጥ የሚያደርስ። በሁለት ሳል መሐል ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ሕፃን ይስማል። አንድ ልዩ ምልክት ልጠቁማችሁ፤ እኔ የነበረኝ ነው፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም። ሌሊት በሳል ነቅታችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ አየር የሚገባ አልመስል ብሏችሁ በድንጋጤ አልጋ ላይ ቁጭ ካላችሁ ያ ተራ ሳል አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሕክምና ቦታ የምትሉትን አዘጋጁ

ከመሄዳችሁ በፊት ከተቻለ ደውሉ። ትክትክ ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ እንደጠረጠራችሁ ተናገሩ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሚጠብቁበት ክፍል ውጭ እንድትቆዩ ያደርጓችኋል። የሚስለው ሰው ማስክ አድርጎ ይግባ።

ውስጥ ስትገቡ ታሪኩን ከመሐል አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «ሳሉ 16 ቀኑ ነው። መጀመሪያ ንፍጥ ነበረው፣ ትኩሳት የለውም። በአንድ ትንፋሽ ተከታትሎ ነው የሚያስለው፤ ከሳለ በኋላ ያስመልሰዋል። ቪዲዮ ይዣለሁ። ቤት ውስጥ 5 ሳምንት የሆናት ሕፃን አለች። ትክትክ ሊሆን ይችላል ወይ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳታፍሩ ጠይቁ። ትክትክ ሳይታወቅ የሚያልፈው በአብዛኛው ስላልታሰበ ነው።

ምርመራው ከአፍንጫ በስተኋላ በቀጭን ዘንግ ከሚወሰድ ናሙና ነው፤ ደስ አይልም፣ ግን አጭር ነው። የባክቴሪያውን ዘረ መል በሚፈልገው፣ ፒ.ሲ.አር. በሚባለው ዘዴ የሚሠራው ሳሉ ከጀመረ እስከ 3 ሳምንት ድረስ በደንብ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ይዳከማል። ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያየው ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ካልሆነ እምብዛም አይረዳም። ጊዜው ካለፈ ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች የደም ምርመራ አለ። በሕፃናት ላይ በተራ የደም ቆጠራ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ከፍ ብለው መገኘታቸውም ሐኪሙን ያነቃል። የፒ.ሲ.አር. ምርመራ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ በታሪኩና በሚያየው ብቻ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል፤ ትክክል ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ተረዱ

ባክቴሪያው የመተንፈሻ ቱቦን ግድግዳ በሸፈኑት ፀጉር መሰል ጥቃቅን መጥረጊያዎች ላይ ይጣበቃል። እነዚህ መጥረጊያዎች ሥራቸው አክታን ወደ ላይ ጠርጎ ማውጣት ነው። ባክቴሪያው የሚለቀው መርዝ ሽባ ያደርጋቸዋል። ጠራጊ የሌለው ቱቦ አክታውን የሚያወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ እሱም መሳል ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የተጎዱትን መጥረጊያዎች ግን አይጠግንም። ስለዚህ ሳሉ ከበረታ በኋላ የተጀመረ መድኃኒት ሳሉን ብዙም አያሳጥረውም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተጀመረ ያቀልለዋል።

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አያለሁ። ማስተላለፉን ያቆማል። አስፈላጊውን መድኃኒት 5 ሙሉ ቀን የወሰደ ሰው ከዚያ በኋላ እየሳለም ቢሆን ሌላውን አያሲዝም። ሳይወስድ የቀረ ግን ሳሉ ከጀመረ እስከ 21 ቀን ያስተላልፋል። ለራሱ ሳይሆን ለቤቱ የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው አዚትሮማይሲን ነው፤ ለ5 ቀን። ኤሪትሮማይሲን ከሆነ 14 ቀን ይወስዳል። ከ1 ወር በታች ለሆነ ጨቅላ ሐኪሞች ኤሪትሮማይሲንን ይሸሹታል፤ የጨጓራ መውጫ መጥበብ ከሚባል ችግር ጋር ይያያዛል። መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ለትክትክ አይሆንም። እኔ ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት የሞከርኩት እሱን ነበር፤ ለራሴም ለልጄም የጠፋው ጊዜ ያ ነው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሳሉ ከጀመረ በ3 ሳምንት ውስጥ፣ ለሕፃንና መውለጃዋ ለተቃረበ ነፍሰ ጡር ደግሞ በ6 ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ያልታመሙትስ? አንድ ሰው ትክትክ ከያዘው፣ አብረውት ከሚኖሩ መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች 8ቱ ወይም 9ኙ ይያዛሉ። ስለዚህ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ የተከተበውም ጭምር፣ የመከላከያ አንቲባዮቲክ እንዲወስድ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። የሚሰጠው ከታማሚው ጋር ከተገናኙ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ አንሱት፦ «ለቀሪው ቤተሰብስ?»

ደረጃ 6፦ ቤቱን ለ5 ቀን ክፈሉት

በሽታው የሚሄደው በቅርብ ርቀት በሳልና በማስነጠስ በሚወጣ ጠብታ ነው። ሰው ግን ደንግጦ የሚያደርገው ወለል በኬሚካል ማጠብ ነው። ወለሉን ተዉት፤ ትንፋሹን ተከታተሉ።

የታመመው ሰው ለብቻው ይተኛ። ክፍል ካልበቃ አልጋውን ወደ መስኮት አስጠጉ፣ የሕፃኑን ደግሞ በሌላው ዳር አድርጉ። መስኮት ክፈቱ፤ በተቃራኒ በኩል ያለ በር ወይም መስኮት አብሮ ሲከፈት አየሩ በደንብ ይወጣል። ከሕፃኑ ጋር በአንድ ክፍል መሆን ግድ ሲሆን የታመመው ማስክ ያድርግ። ማስክ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ታማሚው ሲያደርገው ነው፤ ጤነኛው አድርጎ ታማሚው እየሳለ መቀመጡ ነገሩን መገልበጥ ነው። በእጅ ሳይሆን በክርን ወይም በመሐረብ መሳል፣ ከሳሉ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ኩባያና ፎጣ መለየት። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የሚረሱት ሌሊት ነውና ማስኩን ራስጌ አስቀምጡ።

ሕፃኑን የሚይዘው ሰው አንድ ይሁን፤ የማይስለው። እናት ራሷ ከታመመች ጡት ማጥባቷን አታቁም። ትክትክ በወተት አይተላለፍም፤ በትንፋሽ ነው። እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ጡት ትስጠው፤ መድኃኒቷን ትጀምር፣ ለሕፃኑም መከላከያ ትጠይቅ። ሕፃን ለማየት የሚመጣ ሰው ቢያንስ ለእነዚህ ቀናት ይቅር። ቅር የሚለው ይበለው።

ቀኑን መቁጠር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ በምሳሌ ላሳይ። የአንድ ልጅ ንፍጥ ወር በገባ በ1 ጀመረ፣ ሳሉ በ4። በ15 ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያን ዕለት ማታ አዚትሮማይሲን ጀመረ። 5 ሙሉ ቀን የሚሞላው በ20 ማታ ነው፤ በ21 ጠዋት እየሳለም ቢሆን ትምህርት ቤት ይገባል። መድኃኒት ባይጀምር ኖሮ ከ4 ተነሥቶ 21 ቀን ይቆጠርና እስከ 25 ቤት ይቀመጣል። ከእሱ የሚያዝ ሰው ካለ ደግሞ ከ1 እስከ 20 ባሉት ቀናት አጠገቡ የነበረ ነው። በ3 የልደት ቀን ላይ ነበረ? እንግዲያው የልደቱ ቤት ይነገረዋል፤ ያን ዕለት ሳል ባይኖረውም።

ደረጃ 7፦ ሳታፍሩ ንገሩ፣ በተራ ንገሩ

ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ካቃታችሁ ከማን እንደምትጀምሩ እወቁ። ከ1 ዓመት በታች ሕፃን ያላቸው ይቅደሙ። ቀጥሎ በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ላይ ያሉ፣ ከዚያ የሳንባ ሕመም ያለባቸውና በሕክምና ምክንያት መከላከያቸው የተዳከመ። የሥራ ባልደረባና የክፍል ጓደኛ ከእነሱ በኋላ ነው።

መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ይቅርታና ማብራሪያ ሲበዛበት ሰው ዋናውን ያልፈዋል። እኛ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ሰላም። ትክትክ እንደያዘኝ ዛሬ ሐኪም ነግሮኛል። እናንተ ቤት የመጣሁት በ6 ነው፤ ያኔ አስተላልፍ ነበር። ሕፃኗ ገና 3 ወሯ ስለሆነ ምንም ምልክት ባታዩባትም ዛሬውኑ ሐኪሟን አነጋግሩ። የመከላከያ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል።» ቀኑ፣ የበሽታው ስምና የሚደረገው ነገር ካለበት ይበቃል። በብዙ አገር ትክትክ ለጤና መሥሪያ ቤት የሚነገር በሽታ ነው፤ ያን የሚያደርገው ሐኪሙ ነው፣ ስትጠየቁ ቀኖቹን ንገሩ።

ደረጃ 8፦ ማስታመም

ከጥቂት ወር በታች ያለ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ይተኛል፤ በዚህ አትከራከሩ። ትልልቁ ቤት ይታመማል።

ሳሉ ሲነሳበት ቀና አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘንበል አድርጉት፤ የሚወጣው አክታና ትውከት ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ። አትጩኹ፣ ሰው አትሰብስቡበት፤ ድንጋጤው ራሱ ሳሉን ያረዝመዋል። ካለፈ በኋላ ጥቂት ጠብቃችሁ ውኃ ስጡት። ምግቡን ቀንሱና ድግግሞሹን አብዙ። አንድ ያገኘነው ዘዴ፦ ታላቁ ልጃችን ካስመለሰ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳሉ ይተወው ነበርና የምናበላው ያን ጊዜ ጠብቀን ነው፤ የሚበላው ይረጋለት ነበር። የሲጋራም የማገዶም ጭስ፣ ጠንካራ ሽቶ፣ የሚጨስ ነገር ሁሉ ከቤት ይውጣ።

የሳል ሽሮፕ ለትክትክ አይሠራም፤ ለትናንሽ ልጆችም አይመከርም። ማር ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ልጅ በጭራሽ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ከሳሉ ይልቅ በሁለቱ ሳል መሐል ያለውን ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ሳንባ ምች ተጨምሮበት ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ይታይ። ትኩሳት ሳይኖር ቆይቶ በሳምንታት መሐል ድንገት ከመጣም እንደዚያው። ሽንቱ ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀና ሲያለቅስ እንባ ካጣ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ክትባት፣ ለማንና መቼ

አንድ ታማሚ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መሐል ከ12 እስከ 17 ሰው እንደሚያሲዝ ይገመታል። እንዲህ ያለውን በመስኮትና በማስክ ብቻ አያሸንፉትም።

ክትባቱ የሚሰጠው ከዘጊ አናዳና ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጋር ተጣምሮ ነው። በብዙ አገር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ሌሎች አገሮች በ2፣ በ4 እና በ6 ወር ይጀምራሉ፤ ከዚያ በልጅነት ማጠናከሪያ አለው። ልጁ ቀላል ጉንፋን ስላለበት የክትባቱን ቀጠሮ ማራዘም አያስፈልግም።

ከልደት እስከ መጀመሪያው ክትባት ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው እናት በእርግዝና ጊዜ የምትከተበው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት። የሠራችው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ሕፃኑን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል። በየእርግዝናው ይደገማል። የምትኖሩበት አገር የሚሰጠው ከሆነ በክትትል ቀጠሮ ላይ ጠይቁ። አባት፣ አያትና ሞግዚትም ማጠናከሪያ ካገኙ ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይውሰዱ። የክትባቱም የሕመሙም መከላከያ በዓመታት ውስጥ ይሟሽሻል። «እኔ በልጅነቴ ታምሜ ነበር» የሚለው ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሥራ ላይ የዋለው ክትባት ታሪክ ከደረጃ 2 ጋር ይገናኛል፤ ስለምወደው ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 ግራንድ ራፒድስ በምትባል የአሜሪካ፣ የሚሺጋን ግዛት ከተማ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የሚባሉ ሁለት የባክቴሪያ ተመራማሪዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ ማታ ማታ የታመሙ ልጆች ቤት ይሄዱ ነበር። ባክቴሪያ የሚያድግበትን ሳህን ልጁ አፍ ፊት ይዘው ሳሉ እስኪነሳበት ይጠብቃሉ፤ ሳህኑ ላይ ያስሉታል። ክትባታቸው ከዚያ ነው የተነሣው። ሲተው ምን እንደሚሆን ደግሞ ጃፓን ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1974 በአገሪቱ የተመዘገበው ትክትክ 393 ነበር፤ የሞተ አልነበረም። ሕዝቡ ክትባቱን ፈርቶ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከ13,000 በላይ ታመው 41 ሞቱ።

ካለፈ በኋላ

ሳሉ ከጠፋ ከወራት በኋላ ልጁ ተራ ጉንፋን ሲይዘው ያው ዓይነት ሳል ሊመለስበት ይችላል፤ ሲያስመልሰው፣ ሲያጠቁረው ጭምር። የተጎዳው ቱቦ ገና አልጠነከረም። ብዙውን ጊዜ ትክትኩ ተመልሶ አይደለም፣ ሌላውንም አያሲዝም፤ ግን አዲስ ንፍጥና አዲስ ታማሚ ጎረቤት ካለ ከደረጃ 1 ጀምሩ።

ልጄ አሁን ትሮጣለች። ባለፈው ጉንፋን ሲይዛት አንድ ሌሊት ሳሉ በዚያው አነሣሡ ተነሳባት። እናቷ ቀና አድርጋ ያዘቻት፤ እኔ ስልኬን አንሥቼ መጀመሪያ ቀረጽኩ፣ ከዚያ ንፍጧ የጀመረበትን ቀን ፈለግኩ። አራተኛ ቀኗ ነበር።